ስለዚያ የሰኔ ወር፣ ለአስናቀች

ውዴ አስናቀች፣

ከተለየሽን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን በደንብ አውጥተናል። ሰው ብዙ መጣ፤ እህትሽ ከበቆጂ፣ የአጎትሽ ልጆች ከጎበሳ መጥተው አደሩ። የዚያን ዕለት ተነስቼ አንድ ነገር ልናገር አስቤ ነበር። ተነሳሁም፤ ግን እንግዶቹን አመስግኜ ተቀመጥኩ። ያን ዕለት ያልተናገርኩትን ነው ዛሬ የምጽፍልሽ።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። የጓሮው በር በክረምቱ ዝናብ አብጦ አልዘጋ ብሎ ነበር፤ አናጢ አምጥቼ አስላግኩት። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ዘንድሮ ጠንክሯል። ከዋናው መንገድ እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ያለውን መንገድ በልማት ቀን ወጥተን ድንጋይ አልብሰነዋል፤ አሁን ጋሪ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው መደርደሪያው ላይ ይንቀጫቀጫል። አንቺ ብትኖሪ “ጭቃው ይሻል ነበር” ማለትሽ አይቀርም። ልጃችን ትዕግሥት አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት ትጠብቃለች። ቁመቷ ከእኔ በልጧል። ያንቺን ሹራብ ትለብሳለች፤ እጅጌው ግን አጥሯታል። ጎመኑን ዘንድሮ የተከለችው እሷ ነች፤ መደቡን እንዳንቺ ቀጥ አድርጋ ማውጣት አልቻለችበትም እንጂ በቅሏል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝርልሽ ዋናውን ላለመንገር እንደሆነ ይገባኛል። በሥራ ቦታችን የግድግዳ ጋዜጣ ስንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ዋናው ነገር ከላይ እንደሚቀመጥ ለሌሎች ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ እነሆ፦ ክስሽ ጊዜው አልፏል ተብሎ የተዘጋው አንቺ ቀን መቁጠር ስላላወቅሽ አይደለም። ቀኑን እኔ አውቀው ነበር። አውቄ ዝም አልኩ።

ይህን ደብዳቤ በዚያው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለምለጥፈው፣ አንቺ ያየሽውንም ላላዩት ስል እጽፈዋለሁ። ታገሺኝ።

ሁለታችንም ከከተማው ዳር ባለው የዘር ማበጠሪያ ጣቢያ ነበር የምንሠራው። እኔ መዝገብ ቤት፣ አንቺ የለቀማ ጠረጴዛ ላይ። ከማሽኑ ከወጣው የስንዴ ዘር ውስጥ ማሽኑ ያልለየውን ሲናርና እንክርዳድ በእጅ የምትለቅሙ ሴቶች አሥራ አንድ ነበራችሁ፤ ከአሥራ አንዱ ፈጣኗ አንቺ ነሽ። ይህን የማውቀው ባልሽ ስለሆንኩ አይደለም፤ የየቀኑን የሥራ ውጤት የምመዘግበው እኔ ስለነበርኩ ነው።

ክስሽ በተዘጋበት በዚያ ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ እህሉ በአንድ ጊዜ ገባና ማሽኑ ላይ ሰው አነሰ። አለቃሽ ከጠረጴዛው አስነስቶ ማሽኑ ውስጥ የተቀረቀረ ገለባ እንድታወጪ አዘዘሽ። ማሽኑን የሚያዞረው ቺንጋ፣ የጎማው ቀበቶ፣ መሸፈኛው ከተነሳ ሰንብቶ ነበር። እኔ የሠራተኛ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበርኩና “መሸፈኛው ይመለስ” የሚለውን በቃለ ጉባኤ ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ሦስት ጊዜ ጽፌ አስፈርሜ ፋይል ውስጥ አስቀምጫለሁ። ቺንጋው ቃለ ጉባኤ አያነብም። ከቀኝ እጅሽ ሦስቱን የመሀል ጣቶች ወሰደ።

ሆስፒታል ስደርስ እጅሽ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ ደረትሽ ላይ ነበር። እኔ ማልቀስ ስጀምር ግራ እጅሽን አንስተሽ አሳየሽኝ። “ቀለበቱ በዚህኛው ነው፤ እግዜርን አመስግን፤ አሁንም ያንተው ነኝ” አልሽኝ። አስታማሚዎቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ያ ቀን የማላፍርበት የመጨረሻ ቀኔ ነው ብልሽ ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ በግራ እጅሽ መብላት ጀመርሽ። ምን ታደርጊ? በአገራችን ግን ወደ ማዕድ ግራ እጅ የሚዘረጋ ሰው እንዴት እንደሚታይ ታውቂያለሽ። የጥምቀት ዕለት አበልጃችን ታደሰ ቤት ተጠራን። ታደሰ የትዕግሥት ክርስትና አባት ነው፤ በዚያ ዘመን የሥራ ኃላፊ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ልጅ ማንሳት ቀላል ነገር አልነበረምና ውለታው ከባድ ነበር። በዚያው ላይ የጣቢያው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊም እሱው ነው። ገበታው ቀረበ። አንቺ በግራሽ ቆርሰሽ ስትጎርሺ አጠገብሽ የነበሩት ሁለት ሴቶች እጃቸውን ሰበሰቡ። አንዷ “ጾም ሰንብቼ ሆዴ አልከፈት አለ” አለች፤ ጾም ግን አልነበረም። እኔ ተነስቼ ጓዳ ገባሁና ለቤቱ እመቤት ቀስ ብዬ “ለአስናቀች ለብቻዋ ሳህን ስጫት” አልኳት። ለአንቺ ያዘንኩልሽ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያዘንኩት ለራሴ ነው።

ስንመለስ ጋሪው ላይ “ሳህኑን ያዘዝከው አንተ ነህ?” ብለሽ ጠየቅሽኝ። “እኔ ምን አግብቶኝ፤ እሷ ናት እንጂ” አልኩሽ። የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነው። ትንሽ ናት። ቀጥሎ የመጣው ግን በእሷ ላይ ተረማምዶ ነው የመጣው።

ወደ ሥራ ከመመለስሽ በፊት ያደረግሽውን ትዕግሥት እስከ ዛሬ ትተርከዋለች። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ስንዴና ሲናር ደባልቀሽ ሰፌድ ላይ ትዘረጊና በግራ እጅሽ ትለቅሚያለሽ፤ እሷ ደግሞ እየቆጠረች “እማዬ፣ አንድ አመለጠሽ” ትልሻለች። መጀመሪያ ፍሬው ከጣትሽ ይንሸራተት ነበር። በቀረችው አውራ ጣትና በትንሿ ጣት ሰፌዱን ደግፈሽ መያዝ ተማርሽ። በየካቲት ጠረጴዛሽ ላይ ተመለስሽ። ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ የሥራ ውጤትሽ ከአሥራ አንዱ ሦስተኛ ነበር። መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነኝ።

እንዲያም ሆኖ ከጠረጴዛው አነሱሽና መጋዘን እንድትጠርጊ አደረጉሽ። ምክንያቱ በጽሑፍ አልተገለጸም፤ በአፍ የተነገረን ጎብኚዎች ሊመጡ ነው፣ የለቀማው ክፍል ደግሞ መጀመሪያ የሚታይ ክፍል ነው፣ ለዓይን አይመችም የሚል ነበር። ጎብኚዎቹ መጥተው ሄዱ። አንቺ ግን አልተመለስሽም። በመጋቢት መጨረሻ ደብዳቤ ደረሰሽ። “ባለብዎት የአካል ጉድለት ምክንያት ለሥራው ብቁ ሆነው ስላልተገኙ ከሥራ የተሰናበቱ መሆኑን እናስታውቃለን” ይላል። ጉድለቱን በምን እንዳገኘሽው ደብዳቤው አያነሳም።

ነጠላሽን አጣፍተሽ በቀጥታ ታደሰ ቢሮ ገባሽ። እኔ ከኋላሽ ነበርኩ። “አበልጅ፣ ሁለት ሰፌድ ዘር አስመጣ” አልሽው። “አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለፈለግከው ሰው ስጥ። እዚሁ ፊትህ እንልቀም። ካነስኩ ደብዳቤህን ስሜ እቀበላለሁ።” ታደሰ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ሳቅ ነው። “አስናቀች፣ የፍጥነት ነገር መች ሆነና” አለሽ። አንቺም “ታዲያ የምንድን ነው? የመልክ ከሆነ እናንተ ወንዶቹም እኮ ብዙዎቻችሁ መባረራችሁ ነው” አልሽው። ጸሐፊዋ አፏን ይዛ ወጣች።

ቤት ስንገባ “ያንን የሕግ መጽሐፍ አንብብልኝ” አልሽኝ። አንቺ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረሻል፤ የመንግሥት ጽሑፍ ግን ረጅም ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ሲደርስ መነሻው ይጠፋሻል። ማኅበራችን ከድርጅቱ ጋር የተፈራረመውን የኅብረት ስምምነት አወጣሁ። በታይፕ የመታሁት ራሴ ነኝ። ሥራ ላይ እያለ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ሊሠራው በሚችለው ሥራ ላይ ይመደባል የሚለውን አነበብኩልሽ። “ድገመው” አልሽኝ፤ ደገምኩልሽ። “‘ይመደባል’ ነው የሚለው? ‘ሊመደብ ይችላል’ አይልም?” አልሽ። አይልም። የሠራተኛውን አዋጅም አወጣሁና ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያት አይሰናበትም የሚለውን አነበብኩልሽ። በዚያው አዋጅ፣ ጥቂት ገጽ አለፍ ብሎ፣ ክስ የማቅረቢያው ጊዜ ሦስት ወር ተብሎ ተወስኖ ተጽፏል። እሱን አላነበብኩልሽም። መጽሐፉን ዘጋሁት።

ለምን ዘጋሁት? ከሁለት ቀን በፊት ታደሰ ቢሮው ጠርቶኝ በሩን ዘግቶ እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ “ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ከሚወጣ አንድ ይበቃል። ልጅ አላችሁ፤ የእኔም ልጅ ናት።” ለሚስትህ ንገራት አላለኝም። አትክሰስ አላለኝም። ከዚያ ስለ አቦምሳ መንገድ መበላሸት አወራን። እኔ ግን ገብቶኛል። የምንኖርበት ቤት የድርጅቱ ነው፤ እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ የሆንኩት እነሱ ዝም ስላሉ ነው። ፈራሁ። ፈራሁ ብዬ ብነግርሽ ምናልባት አብረን እንፈራ ነበር፤ ወይም አንቺ ስቀሽብኝ ፍርሃቴ ይለቀኝ ነበር። እኔ ግን ፍርሃቴን ባህል አለበስኩት። “አበልጅ አይካሰስም” አልኩሽ። “መጀመሪያ ሽማግሌ ይግባ።” ይህን ስል ማንም ሰው ሊነቅፈኝ አይችልም። እውነትም አበልጅ ፍርድ ቤት ሲቆም አይተን አናውቅም። አንቺም “እሺ፣ አንተ ካልክ” አልሽ።

ሦስት ሽማግሌ ተቀመጡ። በየእሑዱ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እኛ ቤት። ከሦስቱ አንዱ ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ነበሩ፤ ገብሳቸውን ለጣቢያው የሚሸጡ፣ ቃላቸው የሚከበር የአርሲ ሰው። ነገሩ እንዴት እንደሄደ ታስታውሻለሽ። በዳግማይ ትንሣኤ ታደሰ “ቦታ እፈልግላታለሁ” አለ። በሚቀጥለው እሑድ እሱ ለሥራ አቦምሳ ወርዶ ቀረ። ከዚያ ጎበሳ ሰው ሞቶበት ለቅሶ ሄደ። ግንቦት ላይ መጥቶ “የበጀት መዝጊያው ይለፍ” አለ። ሽማግሌዎቹም ባህሉ እንደሚያዛቸው “ጊዜ ስጪው፤ ነገር በትዕግሥት ይበስላል” አሉሽ። አንቺ በየእሑዱ ቤቱን ጠርገሽ፣ ጠላውን ቀድተሽ፣ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ ትሰሚያለሽ። ቀኝ እጅሽን አትሸፍኚም ነበር። ጭንሽ ላይ፣ ለሁሉም እንዲታይ፣ ታስቀምጭዋለሽ።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ነው። ታደሰ ዛሬም ጊዜ ጠይቆ ሄዷል። ኦቦ ገመቹ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። “አንተ ሕግ ታነባለህ” አሉኝ። “እኛ እርሻ ቀን እንዳለው እናውቃለን፤ ያለቀኑ የተዘራ ገብስ ገለባ ነው የሚሆነው። ለዚህ ለናንተ ክስስ ቀን የለውም ወይ? እኛ ቁጭ ብለን ስናወራ እንዳያልፍባት።”

አንቺ ቀና ብለሽ አየሽኝ። ሌሎቹም አዩኝ።

ቀኑ የሚያልቀው ሰኔ ሠላሳ ነበር። ያን ዕለት አሥራ ሁለት ነው። አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶሻል። ቁጥሩን አሁን አስልቼ የደረስኩበት አይደለም፤ ያኔ፣ እዚያው እንደተቀመጥኩ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። “ለሕጉስ ገና ነው፤ አይቸኩልም” አልኩ። ኦቦ ገመቹ “እንዲህ ከሆነ ደኅና” አሉና ብርጭቆአቸውን አነሱ። አንቺም አንገትሽን ደፋሽ። ያ ነው፤ ከዚያ የበለጠ ነገር አልተደረገም። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተደበደበም። ሦስት ሽማግሌ በተቀመጡበት፣ በሚካኤል ቀን፣ በገዛ ቤቴ፣ ሥራሽን በአንዲት ቃል ነጠቅኩሽ።

በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ታደሰ “ቦታ የለም፣ ከላይ እምቢ አሉኝ” አለ። ሽማግሌዎቹ አዝነው ተነሱ። አንቺ በማግስቱ ፍርድ ቤት ሄድሽ፤ እኔም ተከትዬ። ማመልከቻውን የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ፤ ቆንጆ ማመልከቻ ነበር፤ የጎደለው ቀኑ ብቻ ነው። ዳኛው በጨዋ አነጋገር ክሱ በይርጋ የታገደ መሆኑን ነገሩሽ። ቃሉ እንዳልገባሽ አይተው፣ ሕግ ለመጠየቅ ጊዜ ይሰጣል፣ ያ ጊዜ ካለፈ ጥያቄው እውነት ቢሆንም አይሰማም ብለው አብራሩልሽ። አንቺም “ጌታዬ፣ የኔ እጅ እንደሆነ ገና አልበቀለም። አለፈ የተባለው ለማን ነው?” አልሻቸው። ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ውጭ እያካፋ ነበር። ከግቢው በር አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሽና፣ ለእኔም ለራስሽም በማይመስል ድምፅ፣ “ጥፋቱ የኔ ነው፤ ፊደል ቆጥሬ ቀን መቁጠር አቃተኝ” አልሽ። እንግዲህ መናገሪያዬ ያ ነበር። “አይዞሽ” አልኩሽ። አይዞሽ ብቻ።

ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖርን። አንቺ ለነጋዴ ምስርና ሽምብራ በቤትሽ እየለቀምሽ፣ በግራ እጅሽ፣ ልጅ አሳደግሽ። በማሽኑ፣ በጎተራው፣ በመኪናው የተጎዳ ሠራተኛ ሁሉ እየመጣ ምክር ይጠይቅሽ ጀመር። አንቺም ለሁሉም የምትነግሪው አንድ ነገር ነበር፦ “ወንድሜ፣ ሽማግሌህንም አስቀምጥ፣ ቀንህንም ቁጠር። እኔ ሳልቆጥር ቀረሁ።” አንዳንዱ ቆጥሮ ሥራውን አስመልሷል። ሰው በር ላይ ቆሞ ሲያመሰግንሽ እኔ ጓዳ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። “እኔ ሳልቆጥር ቀረሁ” ባልሽ ቁጥር ልወጣ እነሳና እቀመጣለሁ።

በማኅበራችን ስብሰባ ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ሰዓት አለ፤ ታውቂዋለሽ፤ ከስብሰባ ስመለስ “ዛሬስ ራስህን በምን ገረፍክ?” እያልሽ ትቀልጅብኝ ነበር። በየወሩ ተነስቼ “ሁለት ቀን አርፍጃለሁ፣ የግድግዳ ጋዜጣውንም በጊዜው አላወጣሁም” ብያለሁ። ጓዶች አጨብጭበውልኛል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ራሴን ነቀፍኩ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ስምሽ ከአፌ አልወጣም።

ለቅሶሽ ላይ ታደሰ መጥቶ ነበር። ከተዛወረበት ድረስ መምጣቱ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ተነስቶ ስለ ደግነትሽ ተናገረና ወደ እኔ እያመለከተ “አበልጄ ለሚስቱ መብት ያልደከመው ድካም የለም፤ ምን ያደርጋል፣ ቀኑ አመለጣት” አለ። ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። አመለጣት። ለአንቺ የተደረገ የመጨረሻው ንግግር ይህ ነበር፤ እኔም ነጠላዬን ተከናንቤ ሰማሁት። ኦቦ ገመቹ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። አላዩኝም፣ ወይም እንዳላዩኝ ሆኑ።

አሁን ወዳስነሳኝ ነገር ልምጣ። ከሁለት ወር በፊት ጫላ የሚባል የጣቢያው ጫኝ ወደ ቤት መጣ። ጆንያ የሚታሰርበት ሽቦ ተፈናጥሮ አንድ ዓይኑን አጥፍቶበታል። በእጁ የስንብት ደብዳቤ ይዟል። እኔና ትዕግሥት በረንዳው ላይ ነበርን። “አዴ አስናቀች በሕይወት ሳሉ ቀን ቁጠሩ ይሉን ነበር” አለ። “ቆጠርኩ። ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ዘመዶቼ ሽማግሌ እንላክ ይላሉ፤ እኔ እሳቸው የሆኑትን መሆን አልፈልግም። ሳያውቁ ነው የተጎዱት፤ እኔ ግን እያወቅሁ ብጎዳ ያሳፍራል።” ትዕግሥትም “እውነቱን ነው፤ እማዬ ጎበዝ ነበረች፤ ያን አንድ ነገር ብቻ ነው ያላወቀችው” አለች። በፍቅር ነው ያለችው። ለእንግዳ እናቷን ስታወድስ ነው።

ከጫላ ጋር በማግስቱ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ክሱ በቀኑ ተመዘገበ። ምን እንደሚፈረድለት አላውቅም፤ መሸፈኛ ስለሌላቸው ማሽኖችና ስለ ድሮዎቹ ቃለ ጉባኤዎች እመሰክራለሁ ብዬ ስሜን አስመዝግቤያለሁ። ከታደሰ ወዲህ ያሉት ኃላፊዎች ይህን አልወደዱትም። ይህንን የምነግርሽ እንድታመሰግኚኝ አይደለም። ለጫላ ያደረግኩት በአንድ ጠዋት ያለቀ ነገር ነው፤ ለአንቺም ከአንድ ጠዋት በላይ አይወስድብኝም ነበር። ያን ጊዜ ያልገባኝ ይኸው ነው፤ አሁን ደግሞ የማይለቀኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለትዕግሥት ነገርኳት። በጓሮው ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ሳህኑም፣ ስለ መጽሐፉም፣ ስለ ሚካኤሉም ቀን። መቀንጠሷን አላቆመችም። ስጨርስ “እማዬ ታውቅ ነበር?” ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው፣ አስናቀች፣ አላውቅም። አንዳንድ ጊዜ ምስር ስትለቅሚ ቀና ብለሽ ታይኝና ልትናገሪ የምትይውን ትተሽ እንደገና ታቀረቅሪ ነበር። ያ ምን እንደነበር ልጠይቅሽ አልደፈርኩም፤ ዛሬ ደግሞ የምጠይቀው ሰው የለም።

ትዕግሥት ጎመኑን ሰብስባ ተነሳች። ሁልጊዜ በአክብሮት ነው የምታናግረኝ፤ ያን ዕለትም አልለወጠችም። “ለእኔ ብቻ ነግረው አይገላገሉ” አለችኝ። “በለቅሶዋ ላይ የሰሙት ሁሉ ይስሙ። የክርስትና አባቴም ይስማ። እኔ ለጓደኞቼ ሁሉ እናቴ ቀን አሳለፈች እያልኩ ነው ያደግኩት።” ከዚያ ወደ ቤት ገባች። ምሳ ሠራች፤ አብረን በላን። ከዚያ ወዲህ ታናግረኛለች፣ ልብሴን ታጥብልኛለች፤ ግን “አባባ” ማለቱን ትታዋለች። አልወቀስኳትም። ቃሉ ሲመጣ ይመጣል፤ ባይመጣም ጥፋቱ የእኔ ነው።

ኦቦ ገመቹ ቤት ሄጄ ነግሬአቸዋለሁ። “እኔም ጠይቄ ማረፌ ጥፋት ነው፤ መጽሐፉን አምጣው ማለት ነበረብኝ” አሉ። እሳቸው ምንም ጥፋት የለባቸውም፤ ግን እርጅናቸው ላይ ይህን ጨመርኩባቸው። ለታደሰ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ መልስ አልመጣም። ነገ ይህንን ወረቀት ጣቢያው በር ላይ ባለው የግድግዳ ጋዜጣ እሰቅለዋለሁ። የማኅበሩን ጸሐፊነትም ትቻለሁ፤ ሌላ ሰው ይምረጡ።

አስናቀች፣ ይቅር በይኝ አልልሽም። ይቅርታ የምትሰጥ ሰው አጠገቤ ሳለች አልጠየቅኩም፤ አሁን መጠየቅ ለራስ ማዘን ይሆናል። አንድ ነገር ግን ቃል እገባልሻለሁ። ሰው የሞተበትን መልካም መልካሙን እየመረጠ ያስታውሳል፤ እኔ አንቺን እንደዚያ አላስታውስሽም፤ የሆነውን እንደሆነ አስታውሰዋለሁ። በለቅሶ ቤትም ይሁን በችሎት፣ በጋሪ ላይም ይሁን በስብሰባ፣ አንድ ሰው “ያቺ ቀን ያሳለፈችው ሴት” ብሎ ባነሳሽ ቁጥር ተነስቼ አርመዋለሁ፤ እስክሞትም ድረስ እንዲህ ብዬ እናገራለሁ፦ አስናቀች ሥራዋን ታውቅ ነበር። መብቷንም ጠይቃለች። ያደረገችው ስህተት አንድ ነው፤ ባሏን አመነች።